ጉልት ምንድን ነው?

ዛሬ ጉልት ስንል ቶሎ የሚመጣልን ሽንኩርትና ቲማቲም መንገድ ዳር የሚቸረቸርበት ቦታ ነው። የድሮው ጉልት ግን ሌላ ነው። አገሪቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የተዳደረችው በእሱ ነው።

ነገሥታቱ ለሹም፣ ለጦር አለቃ፣ ለደብርና ለገዳም ጉልት ይሰጡ ነበር። ይህን ሲሰማ መሬቱን ራሱን የሰጡ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚሰጠው ግን ግብሩ ነው! ገበሬው ከእናት ካባቱ የወረሰውን ያርሳል፣ ያ ርስቱ ነው፤ ባለጉልቱ ደግሞ ለንጉሡ ይገባ የነበረውን እህል፣ ማር፣ ከብትና ጉልበት በንጉሡ ፋንታ ይቀበላል፣ ብዙ ጊዜም ዳኝነቱን ጨምሮ። አንድ ማሳ፣ ሁለት ባለመብት።

ለምን? ለሹሙም ለወታደሩም በየወሩ የሚቆረጥ ደመወዝ አልነበረማ። ጉልቱ ደመወዙ ነው። ሹመቱ ሲነሳ ጉልቱም ይነሳል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከዚህ አኗኗር ጋር አብሮ ይሄዳል። ርስት ግን «በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ነው። ለልጅ የሚተላለፍ ጉልትም ነበር፣ ርስተ ጉልት የሚባለው፣ እሱ ግን የመሳፍንቱና የትልልቆቹ መኳንንት ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አመዘጋገቡ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ጉልት ወንጌሉ ላይ፣ ባዶ በቀረው ገጽና በኅዳጉ ይጻፋል፣ የሚነጥቅ ሰው እንዲወገዝ የሚያዝ ቃልም ይታከልበታል። እቴጌ ምንትዋብም ጎንደር ላይ ላሠሯት ቁስቋም ሰፊ ጉልት ሰጥተዋል።

በደቡብ ግን ነገሩ ከበደ። ከምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ ለወታደሩ እንደ ማዕረጉ ገባር፣ ማለትም ግብር የሚከፍለውና ጉልበት የሚሰጠው ገበሬ፣ ተቆጠረለት፣ መሬትም ከነባሩ ሰው እየተወሰደ ለመጣው ተሰጠ፣ የትናንቱ ባለቤት በገዛ አገሩ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ሆነ። ይህንን ከሰሜኑ ጉልት ጋር አንድ አድርጎ ማውራት በደሉን ማሳነስ ነው።

በ1957 ዓ.ም ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በ1958 ጉልት በአዋጅ ቀረ፣ ገበሬውም ግብሩን በቀጥታ ለመንግሥት እንዲከፍል ተባለ። ጭሰኝነት ግን አልተነካም። እሱ የቀረው የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ የካቲት 25 ቀን 1967 ሲታወጅ ነው።