የትኛው ከሰል ነው ታዳሽ?

«ከሰል ታዳሽ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ክርክር ከማኅበራችን ስብሰባ ሊጠፋ አልቻለም። ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል «ከሰል» እንላቸዋለን። የአውሮፓን ፋብሪካዎች ያንቀሳቀሰው የድንጋይ ከሰል ለመፈጠር ሚሊዮን ዓመታት ስለሚፈጅ ታዳሽ አይደለም። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ የሚያከስለው ግን ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ነው፤ ዛፍ ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንቸኩላለን። ዛፍ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ቆረጣው ከዕድገቱ መቅደም የለበትም። ዛፉ በ5 ዓመት ይደርሳል እንበል። 5 ቃዳ (ቃዳ የመሬት ስፋት መለኪያ ነው) የዲከረንስ ደን ያለው ሰው በየዓመቱ 1 ቃዳ ቆርጦ ያንኑ መልሶ ቢተክል ደኑ ባለበት ይቆያል። በዓመት 2 ቃዳ ከቆረጠ ግን በሦስተኛው ዓመት የሚቀረው 1 ቃዳ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የተከለው ችግኝ ገና 2 ዓመቱ ነዋ! ዲከረንስ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው በደንብ ስለማያቆጠቁጥ መልሶ መትከሉ ግድ ነው።

ይህ የሂሳቡ መርህ የትም አይለወጥም። 5 ዓመት ያልኩት ግን እንደ አፈሩና እንደ አያያዙ ከፍ ዝቅ ይላል። ደግሞም ታዳሽ ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም፤ ያላመነ ጢስ የሚለበልበውን የአክሳዩን ዓይን ይይ።