ሳይኮሎጂ ከጅማ ረከቦት አጠገብ

ጅማ ውስጥ ሳይኮሎጂ እማራለሁ ያለ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ከጎረቤት ይመጣል። «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይሉታል። ሳይኮሎጂ ግን ጥንቆላ አይደለም። ባሕርይንና የአእምሮን ሥራ በማስረጃ የሚያጠና ሳይንስ ነው። ባሕርይ በዓይን የሚታየው ነው፤ መሳቅ፣ መሸሽ፣ መሳደብ። ማሰብ፣ ማስታወስና መፍራት ግን ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከሚታየው ተነስቶ መገመት፣ ግምቱንም መፈተን የግድ ይሆናል።

በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ጀነራል ሳይኮሎጂ የፍሬሽ ተማሪዎች የጋራ ኮርስ ነው። ኢንጂነር የሚሆነውም ነርስ የምትሆነውም እዚያው ይገናኛሉ።

የኮርሱ መጀመሪያ ሁሌም ታሪክ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ጀርመናዊው ተመራማሪ ቩንት በ1879 ላይፕሲግ ከተማ ውስጥ ላቦራቶሪ ከፈተ፤ የመስኩ ልደት ከዚያ ይቆጠራል። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ አእምሮ ከምን እንደተሠራ ሳይሆን ለምን እንደሚጠቅም ጠየቀ። የቪየናው ሐኪም ፍሮይድ ራሳችን የማናውቀው ፍላጎት ይነዳናል አለ። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ዋትሰን በ1913 ተነስቶ የማይታየውን ትታችሁ ባሕርይን ብቻ አጥኑ አለ። ከሁሉም ስሙ የሚነሳው ፍሮይድ ነው፤ በሙከራ ለመፈተን የሚያስቸግረውም እሱ ነው።

ሩሲያዊው ተመራማሪ ፓቭሎቭ ለጅማ ሰው ይቀርባል። በ1904 ኖቤል የተሸለመው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት ነው። ውሾቹ ምግብ ሳይቀርብላቸው፣ ከምግብ ጋር የለመዱትን ድምፅ ሲሰሙ ብቻ ለሃጫቸው ሲወርድ አየ። እዚህ ደግሞ ጎረቤት ዘነዘና ሙቀጫ ሲመታ ይሰማል። ቡናው ገና አልፈላም፤ የሱሰኛው ዓይን ግን ተገልጧል። ድምፁና ቡናው ዘወትር አብረው ስለመጡ ድምፁ ብቻውን ሥራ ጀምሯል።

ከዚያ አንጎል ይመጣል። አማርኛ ሐሳብን ልብ ውስጥ፣ ምስጢርን ሆድ ውስጥ ነው ያኖረው፤ የትምህርቱ ስም ራሱ ሥነ ልቦና ነው። ሥራው የሚሠራው ግን 1.4 ኪሎ ገደማ በሚመዝን አካል ነው። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ 20 በመቶ የሚሆነውን ጉልበት ይበላል። 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉት። በየሞቲቬሽን ንግግሩ የሚሰማው «የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው» የሚል ወሬ ውሸት ነው።

የነርቭ ሴሎች በኬሚካል ይነጋገራሉ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የተባለው ኬሚካል ይጠራቀማል፤ የነርቭ ሴሉ ላይ ባለው መቀመጫ (ተቀባይ) ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌን ቀድሞ ወንበሩን ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፤ ቆሞ ተራ እየጠበቀ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ተጨማሪ ወንበር ያዘጋጃል። ስለዚህ ቡናው የቀረ ቀን ራስ የሚያመው የምር ነው፤ ሰበብ አይደለም።

ጫት ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይዛመዳል፤ ከደስታና ከመነሳሳት ጋር የተያያዘው የአንጎል ኬሚካል ዶፓሚን በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። ምርቃና ላይ ፎቅ ሁሉ የሚሠራው ለዚህ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል፤ በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚጓጓዘውም ትኩስነቱ እንዳይሄድ ነው።

ትዝታን በተመለከተ ጀርመናዊው ሳይኮሎጂስት ኤቢንግሃውስ በ1885 ያሳተመው ሥራ ዛሬም ይሠራል። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት በቃሉ እየያዘ ራሱን ፈተነ። አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ በየጊዜው እየተከፋፈለ የተጠና ግን ይቆያል። ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ደግሞ አዲስ ትዝታ የሚያኖር ነው። በ1953 ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል ይህ ክፍል በአብዛኛው የተቆረጠለት ሄንሪ ሞሌሰን፣ ከዚያ በኋላ የተዋወቀውን ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ነበር የሚያየው።

ያጠናነው የሚረጋው በአብዛኛው ስንተኛ ነው። የፈተና ዋዜማ ላይ ችከላ የያዘው የዶርም ልጅ ግን ማታ 4 ሰዓት ላይ ቡናውን ይደግማል። ካፌኑ በግማሽ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሃንድአውቱን አጥፎ ሲጋደም፣ ግማሹ ካፌን ገና ደሙ ውስጥ ነው።