ኖይዝ ምንድን ነው? አይኤስኦን መውቀስ ይብቃን

ፎቶው «ኖይዝ (ፎቶ ላይ እንደ አሸዋ የሚታይ ነጠብጣብ) አለው» ተብሎ ከስቶክ ኤጀንሲ፣ ማለትም ፎቶ ተቀብሎ ከሚሸጥ ድርጅት፣ የተመለሰበት ሰው ምክር ሲጠይቅ መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «አይኤስኦህን (ካሜራው ፎቶውን ምን ያህል እንደሚያደምቅ የሚወስነውን ቁጥር) 100 ላይ አድርገው፤ ኖይዝ የሚያመጣው እሱ ነው።» ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ በሙሉ ልብ ጽፎ አየሁ። ወንድሜ፣ ይህ ምክር ስንት ጥሩ ፎቶ እንዳበላሸ ብታውቅ!

ኖይዝ በዋናነት የሚመጣው ከብርሃን እጥረት ነው። ብርሃን ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ የካሜራ ክፍል) ላይ የሚያርፈው ፎቶን በሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ አንድ በአንድ፣ ወጥ ባልሆነ አመጣጥ ነው። አንድ ፒክስል (የፎቶው ትንሿ ነጥብ) በአማካይ 100 ፎቶን ከሰበሰበ፣ ቁጥሩ 10 ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ 10 በመቶ መሆኑ ነው። 10,000 ከሰበሰበ መዋዠቁ 100 ያህል፣ ማለትም 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስንት ፎቶን እንደሚገባ የሚወስኑት የቦታው ብርሃን፣ የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) እና የሌንሱ ቀዳዳ ናቸው። አይኤስኦ እዚህ ውስጥ የለበትም።

በአጭር ሞገድ ራዲዮ የሩቅ ጣቢያ ያዳመጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቮልዩሙን ስትጨምሩ «ሽሽሽ» የሚለውም አብሮ ይጎላል። ቮልዩሙ ግን አልፈጠረውም፤ ጣቢያው ራሱ ደክሞ ነው የደረሰው። አይኤስኦ ያ ቮልዩም ነው። አሁን ደግሞ ስርጭቱን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ካሴት ላይ ብትቀዱትና ኋላ እስከ ጥግ ብትከፍቱትስ? የካሴቱ የራሱ «ሽሽሽ» ይጨመርበታል። አይኤስኦ 100 ላይ ድርቅ ብሎ ጨለማ ፎቶ ማንሳትና ኋላ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ጨለማውን ክፍል ማድመቅ ይኸው ነው። በአዳዲስ ካሜራዎች ራው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ለሚያነሱ፣ አይኤስኦን አስቀድሞ በመጨመርና ኋላ በማድመቅ መካከል ያለው ልዩነት ጠቧል፤ ጄፔግ (ካሜራው አቀናብሮ የጨመቀው ፋይል) ብቻ የምታነሱ ግን ክፉኛ ይጎዳችኋል። የፕሮግራሙን ኖይዝ ማጥፊያ እስከ መጨረሻው መግፋት ደግሞ ስፒከሩ ላይ ጋቢ መጣል ነው። «ሽሽሽ» ይቀንሳል፣ ቃሉም አይለይም። የኤጀንሲው ገምጋሚ ፎቶውን 100 በመቶ አጉልቶ ሲያየው የፀጉሩ ዘለላ ጠፍቶ ያገኘዋል። ያም ራሱን የቻለ የመመለሻ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ብርሃን ፈልጉ። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ የምታነሱ ከሆነ በሩን ክፈቱት፤ ረከቦቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። የማይንቀሳቀስ ነገር ከሆነ ትራይፖድ ተክላችሁ ሹተሩን አዘግዩት፤ አይኤስኦ 100 ቦታው እዚህ ነው። ሰው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ሳትፈሩ 1600 አድርጉት። ኖይዝ በልኩ ይቀነሳል፤ በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ፎቶ ግን አይመለስም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስቶክ ኤጀንሲዎቹ ሹተርስቶክም አዶቢ ስቶክም ለፎቶ የሚጠይቁት ቢያንስ 4 ሜጋፒክስል ነው። 6000 በ4000 የሆነ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ ወደ 3000 በ2000 ብታሳንሱት፣ አራቱ ፒክስል አንድ ይሆንና ኖይዙ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ 6 ሜጋፒክስልም ይተርፋችኋል። የ12 ሜጋፒክስል የስልክ ፎቶን ግን እንዲህ በግማሽ አታሳንሱት፤ 3 ላይ ይወርድና በመጠን ማነስ ይመለሳል።