የኑዛዜ አስፈጻሚ ስንት ይከፈለዋል? ከማን ኪስ?

የኑዛዜ አስፈጻሚ ተናዛዡ ካረፈ በኋላ ንብረቱን የሚሰበስብ፣ እዳና ግብሩን የሚከፍል፣ የቀረውን ለወራሾች የሚያከፋፍል ሰው ነው። ሥራው ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ዓመታት። ባንክ ቤት መመላለስ፣ ቤት ማስገመት፣ የተኳረፉ ወራሾችን ማግባባት፣ ሁሉም እሱ ጫንቃ ላይ ነው። ክፍያው የሚነሳው ከውርሱ ላይ ነው፣ ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት። ድርሻቸው በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጭቅጭቁም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ኑዛዜው ነው። ተናዛዡ ክፍያውን ቆርጦ ከጻፈ መነሻው እሱ ነው። ኑዛዜው ዝም ካለ የየአገሩ ሕግ ይገባል፣ ልዩነቱም የሰማይና የምድር ያህል ነው። በእንግሊዝ ዘመድ ወይም ጓደኛ ለድካሙ ምንም አያገኝም፣ ያወጣው ወጪ ብቻ ይተካለታል። በደቡብ አፍሪካ ታሪፉ ከጠቅላላ ንብረቱ 3.5 በመቶ፣ ከሞት በኋላ ከገባው ገቢ ደግሞ 6 በመቶ ነው። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች «ተመጣጣኝ ክፍያ» ብለው ብቻ ያልፋሉ፣ ስለዚህ የፈጀውን ሰዓትና የሥራውን ክብደት የሚመዝነው ዳኛው ነው።

ካሊፎርኒያ ግን ለየት ትላለች። ከመጀመሪያው 100,000 ዶላር 4 በመቶ፣ ከቀጣዩ 100,000 3 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ካለው 800,000 ደግሞ 2 በመቶ ይታሰባል። ጉዱ ያለው ስሌቱ እዳን የማይቀንስ መሆኑ ላይ ነው። ውርሱ 500,000 ዶላር የሚያወጣ አንድ ቤት ብቻ ቢሆንና 400,000 የባንክ እዳ ቢኖርበት፣ ለወራሾች የሚተርፈው 100,000 ነው፤ የአስፈጻሚው ክፍያ ግን በ500,000 ተሰልቶ 13,000 ይሆናል። ጠበቃው ደግሞ በዚሁ ስሌት ሌላ 13,000 ይወስዳል! እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው ግብሩን ነው። በአሜሪካ ክፍያው እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ግብር ይከፈልበታል፤ በውርስ የተገኘ ገንዘብ ግን በአብዛኛው ገቢ ተብሎ አይታሰብም። ስለዚህ ብቸኛ ወራሽ የሆነ አስፈጻሚ ብዙ ጊዜ «ክፍያው ይቅርብኝ» ይላል፣ ብሩ በውርስ መልክ እጁ ይገባላ።

የቴምብር፣ የፍርድ ቤትና የግምት ወጪ ደረሰኝ እስካለ ድረስ ለብቻው ይተካል። ንብረት ያባከነ ወይም ሥራውን ያጓተተ አስፈጻሚ ግን ፍርድ ቤት ክፍያውን ሊቀንስበት፣ ጭራሹንም ሊከለክለው ይችላል።