የኤችቲቲፒ ሄደር ምንድን ነው? ከስክሪፕት የሚወርድ ፋይል ለምን ይበላሻል?

ሰርቨሩ ላይ ያለው ፒዲኤፍ ደህና ነው፤ በፒኤችፒ ስክሪፕት (ሰርቨሩ ላይ በሚሠራ ፕሮግራም) በኩል ሲወርድ ግን አልከፈትም ይላል፣ ወይም ብሮውዘሩን ትርጉም በሌለው ፊደል ይሞላዋል። እንዲህ ሲያጋጥም ፋይሉን እንደገና ከመሥራት በፊት ሄደሩን ማየት ይገባል።

ሄደር ሰርቨሩ ከፋይሉ አስቀድሞ የሚልከው የጽሑፍ መግለጫ ነው። ባዶ መስመር ሲደርስ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እንደ ፋይሉ ይዘት ይቆጠራል። «ኮንተንት ታይፕ» የፋይሉን ዓይነት ይናገራል። ፒኤችፒ ዓይነቱ ካልተነገረው ኤችቲኤምኤል ብሎ ይልካል፤ የፊደሉ መዓት የሚመጣው ከዚህ ነው። «ኮንተንት ዲስፖዚሽን» ደግሞ ፋይሉ እዚያው ይከፈት ወይስ ይውረድ የሚለውን ይወስናል፦ «ኢንላይን» ወይም «አታችመንት»።

ሰው የሚደክመው ግን ሄደሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ፋይሉ ሲበላሽ ነው። ከፒኤችፒ መክፈቻ ምልክት በፊት የቀረች ባዶ መስመር ወይም ኤዲተሩ የጨመረው ቦም የሚባል (የጽሑፉን ኢንኮዲንግ የሚጠቁም) 3 የማይታዩ ባይት ከፋይሉ ቀድሞ ይወጣል። አውትፑት በፈሪንግ (የሚወጣውን ከመላኩ በፊት በፈር በሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ መያዝ) ካልበራ «ሄደር አስቀድሞ ተልኳል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ከበራ ግን ምንም ሳይባል ትርፉ ባይት ከይዘቱ ፊት ይለጠፋል። የይዘቱን መጠን የሚናገረው ሄደር «ኮንተንት ሌንግዝ» በዋናው ፋይል መጠን ከተሞላ ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ከፊት 3 ባይት ሲጨመር ከኋላ 3 ባይት ይቆረጣል። የዎርድ ሰነድ በዚህ ክፉኛ ይጎዳል፤ አዲሱ የዎርድ ፎርማት ውስጡ ዚፕ ነውና፣ የዚፕ ማውጫ ደግሞ የሚቀመጠው መጨረሻው ላይ ነው።

የተበላሸውን ፋይል አትሰርዙት፤ ምክንያቱን የያዘው እሱ ነው። በቴክስት ኤዲተር ክፈቱት። ጤነኛ ፒዲኤፍ የሚጀምረው በፐርሰንት ምልክትና «ፒዲኤፍ» በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ነው። ከዚያ በፊት የኤችቲኤምኤል ታግ ወይም «ዋርኒንግ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ የስክሪፕቱ የራሱ የስህተት መልእክት ከነመስመር ቁጥሩ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቦምን ግን ብዙ ኤዲተር ስለማያሳይ እያንዳንዱን ባይት በቁጥር በሚያሳይ ሄክስ ኤዲተር ማየት ይሻላል። ሄደሩን ለማየት የብሮውዘሩ ዴቨሎፐር ቱልስ ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለው ክፍል ይበቃል።

መፍትሔው አጭር ነው፦ ፋይሎቹን ያለ ቦም ሴቭ ማድረግ፣ ከኋላው ባዶ መስመር እንዳይወጣ የፒኤችፒን መዝጊያ ምልክት ጨርሶ መተው፣ ፋይሉ ከመላኩ በፊት በፈሩን ማጽዳት፣ ከተላከ በኋላም ስክሪፕቱን እዚያው በ«ኤግዚት» ማቆም።