ተወካይ በዕጣ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዕጣን የማያውቅ ሰው የለም። ብዙው ነዋሪ ቤቱን ያገኘው በዕጣ ነው። «የሕዝብ ተወካይስ በምርጫ ፋንታ በዕጣ ቢወጣ?» ሲባል ግን ሰው ይደነግጣል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከነዋሪዎች መዝገብ ላይ ተራ ሰዎች በዕጣ ይወጣሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጠው ስለ ጋራ ጉዳይ ይመክራሉ፣ ይወስናሉ። እኔ እደግፈዋለሁ። ጎረቤቶቼ ደጋግመው የሚሉኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ይሄ ቁማር እንጂ ዲሞክራሲ አይደለም»

የዲሞክራሲ እናት የምትባለው ጥንታዊቷ አቴና አብዛኞቹን ሹሞቿን ያወጣችው በዕጣ ነው። 500 አባላት ያሉት ምክር ቤቷ በየዓመቱ በዕጣ ይሞላ ነበር፤ ከአሥሩ ነገዶች ከእያንዳንዳቸው 50 ሰው። ሴቶችና ባሮች ዕጣው ውስጥ አልነበሩም፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። እኛም ጋ ቢሆን በይሁዳ ፋንታ ማትያስ ሐዋርያ ሆኖ የገባው በዕጣ መሆኑን ሰንበት ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ ያውቃል። የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ፓትርያርኳን ከሦስት የመጨረሻ ዕጩዎች የምትለየው በዕጣ ነው። ዓይኑ የተሸፈነ ልጅ ስሙን ያወጣል።

«ያልተማረ ሰው ሊመራን ነው»

የኛን ሰፈር ስብሰባ እዩት። ኮሚናል፣ ማለትም የጋራ መጠቀሚያው ቤት ውስጥ ይጠራል። «ጥቆማ!» ሲባል የሚነሳው ስም ያው ነው፤ አንደበቱ የተፈታ፣ ሰው የሚያውቀው። ከኋላ የተቀመጠችውን፣ ቢጫ ጄሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣውን እናት ማንም አይጠቁማትም። የውሃውን ችግር ግን ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም። ዕጣ እሷንም ያገኛታል።

የጎደለውን እውቀት ደግሞ ተቀምጦ መማር ይቻላል። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2004 የምርጫ ሥርዓቷን እንዲመረምሩላት 160 ተራ ሰዎችን በዕጣ ሰበሰበች። ከየምርጫ ክልሉ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ወጡ፤ ከነባር ሕዝቦችም ሁለት ተጨመሩ። ለወራት ከባለሙያዎች ተማሩ፣ የሕዝብ አስተያየት አደመጡ፣ ከዚያ አዲስ ሥርዓት አቀረቡ። ሙያ የግድ የሚልበት ቦታ ግን ሌላ ነው። አቴናም የጦር አዛዦቿን መርጣ እንጂ በዕጣ አልሾመችም።

«ዕጣም ይጭበረበራል»

ልክ ነው። ሐምሌ 2014 ላይ የወጣው ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ የተሰረዘው መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ነው። ስንቱ ቆጣቢ ደስ ብሎት አድሮ አዘነ። ችግሩ ግን ዝርዝሩ ሕዝብ በማያየው ኮምፒውተር ውስጥ መሆኑ ነው። አቴናውያን የስም ሰሌዳቸውን በድንጋይ ላይ በተፈለፈሉ ቀዳዳዎች ይሰኩና ማን እንደገባ የሚለየው ጥቁርና ነጭ ጠጠር ሲወርድ ሁሉም ቆሞ ያይ ነበር። ዕቁብተኛው ፊት ብጣሽ ወረቀት እንደሚጠቀለለው ማለት ነው። ዝርዝሩ አስቀድሞ ይለጠፍ፣ ዕጣውም አደባባይ ላይ ይውጣ።

«ምርጫ ሊቀር ነው»

የግድ አይደለም። በምሥራቅ ቤልጂየም የሚኖረው የጀርመንኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2019 በዕጣ የሚሞላ 24 አባላት ያሉት ቋሚ የዜጎች ምክር ቤት አቋቁሟል። የተመረጠው ፓርላማም እንደነበረ አለ። እኛም አገር ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጣሉ ስለሚል፣ መጀመር የሚሻለው ለወረዳ ምክር ከሚሰጥ፣ በዕጣ ከወጣ ቡድን ነው።

«ዕጣ የወጣለት ለማንም አይጠየቅም»

አቴና ውስጥ የምክር ቤት አባል ሥራ ሳይጀምር ይመረመራል፣ ሲጨርስም ሒሳብ ያወራርዳል። ጊዜው አንድ ዓመት ነው፤ በዕድሜው ከሁለቴ በላይ አይገባም። ብሪቲሽ ኮሎምቢያም በዕጣ የወጡትን ሰዎች ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበችው፤ 57.7 በመቶ ድጋፍ አግኝቶ የተጠየቀው 60 በመቶ ስላልሞላ ወደቀ። «በሚቀጥለው ምርጫ አወርደዋለሁ» ማለት ግን አይቻልም። ይሄ እውነተኛ ጉድለት ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ማንም የማያነሳው ነው። ዕጣው ለቀን ሠራተኛ ቢደርስስ? ስብሰባ የዋለችበት ቀን ደሞዟ ይቀራል፤ ልጇንም የሚይዝላት የለም። «አልችልም» ትላለች፤ ቦታዋን ጊዜና ገንዘብ ያለው ይይዘዋል። ያኔ ዕጣው ስሙ ብቻ ይቀራል። አቴና ለምክር ቤት አባሎቿ የቀን አበል ትከፍል የነበረው ለዚህ ነው። ወረዳችን ይሄን እሞክራለሁ ቢል መጀመሪያ የምጠይቀው የአበልና የሕፃናት ማቆያ በጀቱን ነው።