የጀማሪን ዌብ ፕሮጀክት መገምገም በጅማ

ፍሮንት-ኤንድ ማለት ሰው በብሮውዘር የሚያየውና የሚነካው የዌብ መተግበሪያ ክፍል ነው፤ በኤችቲኤምኤል፣ በሲኤስኤስና በጃቫስክሪፕት ይሠራል። ጀማሪ የሠራውን አይቶ የሚረባ አስተያየት መስጠት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጅማ እንዲህ ያለ ሥራ የሚማሩ ጀማሪዎች ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የቆመው ይህ ተቋም ዛሬ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሥር ኮምፒውቲንግ ያስተምራል።

የተለመዱት ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ይሉኝታ ነው፦ «አሪፍ ነው፣ በርታ» ብሎ ማለፍ። ሌላው ላፕቶፑን ተቀብሎ ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፍ ነው፤ ይኼኛው ደግነት ቢመስልም ልጁን ምንም አያስተምረውም።

ጥሩ ገምጋሚ ኮዱን ከመክፈቱ በፊት ገጹን በስልክ ይከፍታል። ላፕቶፕ ላይ ያማረው ገጽ ስልክ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተረሳው የቪውፖርት መስመር ነው፤ ብሮውዘሩ ገጹን በስልኩ ስፋት ልክ እንዲያሳይ የሚነግረው የኤችቲኤምኤል መስመር ማለት ነው። በዳታ ሲከፈት ደግሞ ሳይጨመቅ የተጫነ የአምስት ሜጋባይት ፎቶ ወዲያው ይጋለጣል።

ጅማ ላይ ግምገማው የሚከብደው ገጹ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲሠራ ነው። ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ሲይዝ፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ጠብቆ የሚነበበውንም ረዥሙንም ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ስለዚህ ለ«ይመዝገቡ» በልክ የተሰፋ በተን የኦሮምኛውን ቃል አይችለውም፤ ስፋቱ በፒክስል መቆለፍ የለበትም። ከዚህ የባሰችው ሁዻ ናት፤ በኦሮምኛ ቃል ውስጥ የምትገባው፣ ነጠላ ጥቅስ የምትመስል ጭረት (') ማለት ነው። በነጠላ ጥቅስ በታሰረ የጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ውስጥ ይህች ጭረት ከገባች ጽሑፉ እዚያው ተዘጋ ማለት ነው፤ ስክሪፕቱ አይሠራም። ድርብ ጥቅስ መጠቀም ያድናል፤ ይህን ሳያውቅ ሙሉ ሌሊት የሚያድር ጀማሪ ግን ያሳዝናል። በአማርኛም በኩል ፍለጋው «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ን እንደ ሁለት ቃል እንደሚቆጥር ማሳየት ያስፈልጋል።

አነጋገሩም ለውጥ ያመጣል። «ቀለሙ ያስጠላል» ከማለት «ግራጫው ጽሑፍ በነጩ ላይ አይነበብም» ማለት ይሻላል፤ ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ስለሚጠይቅ ክርክሩ ከምርጫ ወጥቶ ወደ ልኬት ይገባል። ቅደም ተከተልም አለው፦ መጀመሪያ የማይሠራው፣ ቀጥሎ የማይነበበው፣ ውበቱ በመጨረሻ። በአንድ ጊዜ ሃያ ነጥብ ከመዘርገፍ ሦስቱን መርጦ፣ እያንዳንዱን በየትኛው ገጽና በምን ስልክ እንደታየ መናገር ይበቃል። «ለምን ሪአክት አልተጠቀምክም?» የሚለው፣ ስለ ታዋቂው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ የሚነሳ ጥያቄ፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። ልጁ አርሞ ሲመለስ ገምጋሚው ገጹን በዚያው ስልክ ዳግም ይከፍተዋል።